መልስ፦ «ኤራንድ» ከልኡክ ጉዞ እስከ ሱቅ መላላክ

ወንድሜ፣ «ኤራንድ» (errand) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ ዛሬ ሱቅ ደርሶ መመለስ ከሆነ በድሮ ጽሑፍ ለምን ከባድ ጉዳይ ይሆናል ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተለወጠው የቃሉ ትርጉም ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኤረንደ» መልእክት ማለት ነበር፤ የንጉሥ መልእክተኛም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። በኋላ መልእክቱን ለማድረስ የሚደረገው ጉዞም በዚያው ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘፍጥረት 24፥33 ላይ፣ ለይስሐቅ ሚስት ሊያመጣ የተላከው የአብርሃም ሎሌ «ኤራንዴን ሳልናገር አልበላም» ይላል። እንዴት ያለ የከበረ ቃል ነበር! ግን በዚያው በ17ኛው መቶ ዘመን ልጅ ወይም አሽከር የሚላክበት አጭር መንገድም በዚህ ቃል ይጠራ ጀመር፤ ዛሬ የቀረው ይኸው ትንሹ ትርጉም ነው።

እኔን የሚያስደስተኝ የእኛው «ላከ» ነው። መልአክ፣ መልእክት፣ ልኡክ፣ ተላላኪ፦ ከሰማይ የሚወርደውም ሆነ ስኳር ሊገዛ የሚሮጠው ልጅ ከአንድ ሥር ወጥተዋል። እንግሊዝኛው ግን ለትልቁ ጉዳይ ከላቲን የመጣውን «ሚሽን» (ተልእኮ) ወሰደ። እርሱም ቢሆን መነሻው «መላክ» የሚል ግሥ ነው።

«ኤራንድ»ን «ኤራንት» (errant) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ግን አታምታታው። ድምፁ ቢቀራረብም በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ሌላ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ተቅበዝባዥ ነው።