ማሪዮ 2፦ ሽንኩርት የምንነቅልበት ጌም

የዚህ ወር ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ስለ ድሮ ጌም የመጣው ጥያቄ በዛ ብሏል። ሶስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ረዘም ያለ ነው ግን ማሳጠር አሳዘነኝ እንዳለ ይግባ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ቀድሜ ልንገርህ እኔ ጌመር ምናምን አይደለሁም፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ1989 በፈረንጆቹ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አሜሪካ ስገባ ያረፍነው አክስቴ ቤት ነበር፣ ያክስቴ ልጆች ደግሞ ኒንቴንዶ ነበራቸው፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም እነሱ አማርኛቸው ሁለት ቃል ነው፣ የተግባባነው በማሪዮ 2 ነው ብል አላጋነንኩም። ጆይስቲኩ አንድ ስለሆነ አንድ ሌቭል ለአንድ ሰው ነበር። ማሪዮን ትልቁ ይይዛል፣ ሉዊጂን ትንሹ፣ እኔ ሴት ስለሆንኩ ልዕልቷን ያዢ ተባልኩ፣ እንጉዳይ ራሱን ቶድን ማንም አይፈልገውም። ከመሬት የሚነቀለውን ነገር ሽንኩርት ነበር የምንለው፣ አክስቴ ከኪችን ሆና "ለኔም ንቀሉልኝ ወጥ ልጥድበት" እያለች ትስቅብን ነበር። ባለፈው ልጄ ስዊች በሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን ላይ ሲከፍተው ሙዚቃውን ሰምቼ ከሌላ ክፍል ሮጬ መጣሁ። ግን ስጫወተው እንደማስታውሰው አይደለም፣ ቀርፋፋ ሆነብኝ፣ እንደምንም ብዬ በማሪዮ በረዶው ድረስ ደረስኩ ከዛ በቃ ማለፍ አቃተኝ። ጌሙ ነው ያረጀው ወይስ እኔ? ሁለተኛ፣ ልጄ ሲሞት ወደኋላ ይመልሰዋል፣ ይሄ ማጭበርበር አይደለም ወይ? ሶስተኛ፣ ያክስቴን ልጅ ደውዬ ብነግረው "እሱ እኮ ማሪዮ አይደለም፣ ሌላ የጃፓን ጌም ላይ ማሪዮን ለጥፈውበት ነው" ብሎ አናደደኝ። እውነቱን ነው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ እንኳን ጻፍሽልን። ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ያክስትሽ ልጅ እውነቱን ነው ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። ታሪኩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፦ የመጀመሪያው ማሪዮ ተከታይ ጃፓን ውስጥ በ1986 ወጥቶ ነበር፣ መልኩ ያው አንደኛው ነው ግን አንጀት የሚያሳርር ከባድ፣ ስትበይው የሚጎዳሽ መርዛም እንጉዳይ ያለበት፣ ዘለሽ አየር ላይ እያለሽ ንፋስ የሚገፋሽ። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቢሮ ሰዎች ሞክረውት ይሄ እዚህ ልጆቹን ያስመርራል እንጂ አያስደስትም አሉ። እናም ሌላ ጌም ተፈለገ፣ የተገኘው ደግሞ ዶኪ ዶኪ ፓኒክ የሚባል፣ ኒንቴንዶ ራሱ ከፉጂ ቴሌቪዥን ጋር ሆኖ በ1987 ያወጣው ነው። ካራክተሮቹ የቴሌቪዥን ጣቢያው የዛን በጋ ያዘጋጀው ትልቅ ዝግጅት መለያዎች ነበሩ፣ የአረብ ልብስ የለበሱ ቤተሰብ፣ ኢማጂን የሚባል ልጅ ጥምጥም አድርጎ፣ እናትየው፣ አባትየው፣ ደግሞ ሊና የምትባል ልጅ። በኢማጂን ቦታ ማሪዮ ገባ፣ በእናትየው ሉዊጂ፣ በአባትየው ቶድ፣ በሊና ልዕልቷ። በ1988 ጥቅምት አካባቢ አሜሪካ ሱቅ ገባ፣ አንቺ ስትደርሺ ገና ትኩስ ነበር ማለት ነው።

ግማሹ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ዶኪ ዶኪ ፓኒክን የሰሩት እኮ የውጭ ሰዎች አይደሉም፣ የማሪዮ አባት የሚባለው ሺጌሩ ሚያሞቶ ያለበት ያው ቡድን ነው፣ ዳይሬክተሩም ኬንሱኬ ታናቤ። ሐሳቡም መጀመሪያ የተነሳው ሁለት ሰው አብሮ እየተረዳዳ ወደላይ ከሚወጣበት የማሪዮ ዓይነት ሙከራ ነው፣ ሙከራው በጊዜው ማሽን አልሆን ሲል ወደጎን የሚሄድ ጌም ሆነ። ወደ ማሪዮ ሲቀየር ደግሞ ፊት ብቻ አይደለም የቀየሩት፣ ሩጫው ራሱ የተጨመረው ያኔ ነው፣ ጃፓኖቹ ዘንድ ካራክተሮቹ መሮጥ አይችሉም ነበር! ጭንብል አድርገው ቀይ ልብስ ለብሰው ጉብ ጉብ የሚሉት ትንንሾቹና እግር ያላት ቦምብ ከዚህ ጌም ወጥተው እስከዛሬ ማሪዮ ውስጥ አሉ። ሉዊጂም ከወንድሙ ቁመቱ በልጦ ጌም ውስጥ የታየው እዚህ ነው፣ በፊት እኮ አረንጓዴ የተቀባ ማሪዮ ነበር። ጃፓኖቹ ራሳቸው በ1992 ሱፐር ማሪዮ ዩኤስኤ ብለው መልሰው ገዙት። እና ለዘመድሽ ደውለሽ "ጉዲፈቻ ልጅ ልጅ አይደለም ወይ" በይው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ ጌሙ ነው ያረጀው ወይስ አንቺ። ሁለታችሁም አላረጃችሁም፣ ማሪዮን ስለያዝሽ ነው። ሳነበው የገረመኝ እሱ ነው፣ ልጅ ሆነሽ ሁሉን ነገር በልዕልቷ ያለፍሽ ሰው አሁን ስትመለሺ ለምን ማሪዮን አነሳሽ? ይገባኛል፣ ያኔ የተከለከልሽው እሱ ነው፣ ስሙም ካርቶኑ ላይ ያለው የሱ ነው፣ እኔም ብሆን ያው ነበር የማደርገው። ግን እዚህ ጌም ውስጥ ማሪዮ መሃለኛ ነው፣ መዝለሉም መካከለኛ ጉልበቱም መካከለኛ፣ ሌሎቹ ሶስቱ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ላይ ከሱ በጣም ይበልጣሉ ሌላው ላይ ደግሞ ይብሳሉ። ያክስትሽ ልጆች ትልቁን ስጦታ ሳያውቁ ነው ላንቺ የሰጡሽ።

እስቲ በረዶውን እንየው። አራተኛው ዓለም፣ ሁለተኛው ሌቭል፣ መሬቱ ያንሸራትታል፣ ቆሜያለሁ ስትይ እየሄድሽ ነው፣ ከፊት ደግሞ ጦር የያዙ ክንፋሞች በመንጋ እየበረሩ ይመጡብሻል፣ ማሪዮ አንዴ ከዘለለ በቃ የወረደበት ወረደ ነው። ልዕልቷ ግን ዝላይ ተጭነሽ ካልለቀቅሽው አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል አየር ላይ ቀጥ ብላ ትንሳፈፋለች፣ ቀሚሷ እየተርገበገበ፣ ያን ጊዜ የት እንደምታርፊ ዓይተሽ ትመርጫለሽ። በረዶ ላይ ይሄ ወርቅ ነው። እዛው ዓለም ውስጥ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሪባን ያሰረችው ሮዟ ጠላት እንቁላል ስትተፋ እንቁላሉ ላይ ቆመሽ ባህር የምትሻገሪበት አለ፣ እሱንም በልዕልቷ ሞክሪው፣ ብትስቺ እንኳ ለመመለስ ጊዜ አለሽ። በነገራችን ላይ እንቁላሉን አንስተሽ መልሰሽ እሷው ላይ መወርወር እንዳለብሽ አልረሳሽም አይደል፣ እዚህ ጌም ላይ ጠላት ጭንቅላት ላይ መውጣት አይገድልም፣ ብዙ ሰው ከሌላው ማሪዮ ለምዶ እየረገጠ "አይሞትም እንዴ" የሚለው ለዛ ነው።

ደግሞ ማንም አይፈልገውም ያልሽው ቶድ! ይሄ እኔን ያናድደኛል። ቶድ ዝላዩ አጭር ነው እሺ፣ ግን ከመሬት ነቅሎ ለማንሳት እንደሱ ፈጣን የለም፣ ተሸክሞም ፍጥነቱ አይቀንስም፣ ልዕልቷ ዕቃ ካነሳች ኤሊ ነው የምትሆነው። ሁለተኛው ዓለም በረሃው ላይ አሸዋ እየቆፈርሽ ወደታች የምትወርጂበት ቦታ በልዕልቷ ከገባሽ ሻይ አፍልተሽ መምጣት ትችያለሽ፣ በቶድ ግን ውሃ ነው። ቁልፍ ተሸክመሽ ስትሮጪ ያ የሚያስፈራው ጭንብል ከግድግዳ ተነስቶ ሲያባርርሽም (ልጅ ሆኜ እሱን ሳይ ቁልፉን ጥዬ አለቅስ ነበር) ቶድ የተሻለ ነው፣ ጭንብሉ ሊደርስብሽ ሲል ቁልፉን መሬት ጣይው ትቶሽ ይሄዳል፣ ሲርቅ መልሰሽ አንሺው። ሉዊጂ ከፍታ ላለበት ነው፣ እንደ ፌንጣ ነው የሚዘለው፣ ማረፊያው ግን ልምድ ይፈልጋል። ለሁሉም የሚሰራ አንድ ነገር ደግሞ፣ ቁልቁል ተጭነሽ ቁጭ ብለሽ ትንሽ ስትቆዪ ካራክተሩ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ያኔ ብትዘዪ ከወትሮው በጣም ከፍ ይላል፣ ይሄን ልጅ ሆኜ አላውቅም ነበር ባለቤቴ ነች ያሳየችኝ።

የቀርፋፋነቱ ነገር ሌላም ምክንያት አለው፣ ልጅ ሆነን የምንሮጥበትን ጌም አሁን መሮጥ እንፈልጋለን፣ ይሄ ግን የመቆፈር ጌም ነው። ቀዩን ብልቃጥ አግኝተሽ ስትጥይው በር ይሆናል፣ በሩ ወደ ጨለማው ይወስድሻል፣ እዛ ያለው እንጉዳይ ልብሽን (ስትመቺ የሚቀንሰውን) ይጨምርልሻል፣ እያንዳንዱን ሌቭል ሁለት ይዘሽ ትጀምሪና እስከ አራት ይደርሳል፣ እዛው የምትነቅዪው ሽንኩርት ደግሞ ሳንቲም ይሆናል። ግን ብልቃጡን የትም መጣል አይደለም፣ እንጉዳዩ ባለበት አካባቢ ካልሆነ ባዶ ጨለማ ነው የምታገኚው፣ ጨለማው ውስጥ ደግሞ ብዙ አያቆዩሽም። እንጉዳዩን ሳይሰበስብ የሚሮጥ ሰው በረዶውን በሁለት ልብ ብቻ ነው የሚጋፈጠው፣ ጠርጥሬሻለሁ።

ማጭበርበር ስላልሽው፣ ስዊች ላይ ዜድ ኤል እና ዜድ አር የሚባሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ይዞ ወደኋላ መመለስ ይቻላል፣ ልጅሽ የሚያደርገው እሱን ነው። እኔ ማጭበርበር አልለውም፣ የድሮው ካሴት እኮ ሴቭ የሚባል ነገር የለውም፣ ሶስት ላይፍ፣ ሁለት ኮንቲኒው፣ አለቀ ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ ያኔ ቅዳሜን ሙሉ ተቀምጠን ነበር አሁን ማን ቅዳሜ አለው። ብቻ በየዝላዩ ወደኋላ ከመለሳችሁት የፍርሃቱ ጣዕም ይጠፋል፣ ስለዚህ ሌቭል ስታልፉ ብቻ ሴቭ አድርጉ፣ መሃል ላይ ሙቱ። ከዚህ የሚበልጥ ምክር ግን አለኝ፦ እዛው ስዊች ኦንላይን በሚባለው አገልግሎት ላይ የሱፐር ኒንቴንዶው ክፍል ውስጥ ሱፐር ማሪዮ ኦል ስታርስ አለ፣ በ1993 የወጣው፣ ይሄው ጌም በአዲስ ስዕል ከነሴቩ እዛ ውስጥ ይገኛል። ጥቅሙ ምን መሰለሽ፣ በድሮው አንዴ ሌቭል ከገባሽ ካራክተር መቀየር አትችይም፣ እዚህ ግን አንድ ላይፍ በሞትሽ ቁጥር ሌላ መምረጥ ትችያለሽ። በማሪዮ ሞከርሽ አልሆነም፣ በልዕልቷ ግቢ፣ አልሆነም፣ ቶድን ላኪው።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነው ያለሁት፣ አራት ሆነን አንድ ክፍል ነን፣ ስዊች ገዝተናል፣ ማሪዮ 2 ጀመርን ግን አንድ ሰው ሲጫወት ሶስታችን ሻይ እየጠጣን እናያለን። አራታችንም ባንዴ የምንገባበት እንደሱ ያለ የለም ወይ?
ከዱባይ

መልስ፦ አለ ወንድሜ፣ ያውም አባቱ ማሪዮ 2 ነው። ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ወርልድ ይባላል፣ በ2013 ዊ ዩ ለሚባለው ማሽን ወጥቶ በ2021 ስዊች ላይ መጣ። ማሪዮ፣ ሉዊጂ፣ ቶድና ልዕልቷ አሉ፣ ሉዊጂ ያው ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ልዕልቷ ያው ትንሳፈፋለች፣ ቶድ ያው ይሮጣል፣ አራት ሰው ባንዴ። ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ አንዱ ሌላውን አንስቶ መወርወር ይችላል፣ በስህተት ነው ይላችኋል፣ አትመኑት። ብቻህን የምትሆንበት ማታ ደግሞ ጭንቅላት የሚያሰራ ከፈለክ ዘ ሎስት ቫይኪንግስን ፈልገው፣ የ90ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ሶስት ቫይኪንጎች አሉ፣ አንዱ ይሮጣል ይዘላል፣ አንዱ ይዋጋል፣ አንዱ ጋሻ ይዞ ይቆማል፣ ጋሻውን ጭንቅላቱ ላይ ካደረገው መሰላል ይሆናል፣ ሶስቱንም መውጫው ካላደረስክ አላለፍክም። አንዱ ገደል ከገባ ከመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት እህቴ ማሪዮ 2 ትጫወት ብዬ ነበር፣ ማንን ልስጣት?
ከሀዋሳ

መልስ፦ ልዕልቷን። ሴት ስለሆነች አይደለም፣ ወንድም ቢሆን እሷኑ ነበር የምልህ። ጎድጓዳ ስታይ ዝላዩን ተጭና እንዳትለቅ ብቻ አሳያት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህቴ አንድ ነገር ልጨምር። ሰባተኛው ዓለም መጨረሻ ላይ እንቁራሪቱ ንጉስ አፉን ሲከፍት አትክልት እየወረወርሽ ስታጎርሺው (አትክልት አይወድም፣ ድክመቱ እሱ ነው) ጌሙ ያልቃል፣ ከዛ አራቱም ተሰልፈው ማን ስንት ሌቭል እንዳለፈ ቁጥር ይወጣል። ሌቭሉ በጠቅላላ ሃያ ነው። የኔ ባለፈው ሳምንት ያሳየው ማሪዮ 1፣ ሉዊጂ 4፣ ቶድ 6፣ ልዕልቷ 9 ነው። የአንቺን ስትጨርሺ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ለዘመድሽም ላኪለት።