መልስ፦ ስኪ ለማስተማር ችሎታዬ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ ዴንቨር እንደምትኖሪና ጀማሪዎችን ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ማስተማር እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። በሰማያዊ ምልክት (መካከለኛ ክብደት ባለው) ቁልቁለት ላይ ፍጥነትሽን ተቆጣጥረሽ ከወረድሽ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ሰርተፊኬት የሌለውን ሰው ቀጥረው ራሳቸው የሚያሠለጥኑ የስኪ ትምህርት ቤቶች አሉ። በረዶው ሳይመጣ አመልክቺ። የፒኤስአይኤ (የአሜሪካ የስኪ አስተማሪዎች ማኅበር) ደረጃ 1 የሰርተፊኬት ፈተና ኋላ ይደርሳል።

ከባዱ ማስተማሩ ነው። ጀማሪ ከሁሉ በፊት ይፈራል። ስለዚህ ሰው ወደ ቁልቁለቱ አናት ወደሚያወጣው ሊፍት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጫማው በደንብ መታሰሩን እዪ። ቀጥሎ ሜዳ ላይ የስኪውን መንሸራተቻ በአንድ እግሩ ብቻ አድርጎ ይንሸራተት። ከዚያ ለዘብ ባለች ቁልቁለት፣ የሁለቱን መንሸራተቻዎች የፊት ጫፍ አቀራርቦ ኋላቸውን እየከፈተ ፍጥነቱን ገትቶ መቆም ይልመድ። ቅርጹ የፒዛ ቁራሽ ስለሚመስል፣ ልጆች ከሆኑ "ፒዛ ሥሩ" በያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ወሬ አታብዢ፤ አሳይተሽ አስሞክሪ። ሰውነቱን ወደ ኋላ ከጣለ ብዙ ጊዜ ፈርቷል ማለት ነው። ያኔ ወደ ቀለለው ቦታ መልሺው።