ቅጠሉ ጠግቦ ድንቹ ይራባል፦ ስለ ሰብል ቫይረስ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በጣና ዙሪያ በመስኖ የምታለሙ ብዙዎቻችሁ ስለ ሰብል ቫይረስ ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። ይኸው ዛሬና ነገ እዚሁ ነኝ፣ ጠይቁ። ሥራዬ የተክል በሽታ ነው። ከበሽታም ቫይረስ፣ ከሰብልም ድንች ላይ ነው ብዙ የቆየሁት።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። ተክል ውስጥ የገባ ቫይረስን የሚገድል የሚረጭ መድኃኒት የለም። ፎቶ ስትልኩ ደግሞ አንድ ቅጠል ብቻ አትላኩልኝ፤ ማሳውንም ከሩቅ አንሱት።

ከመራዊ፦ ዶክተር እንደምን ሰነበቱ። ቆጋ መስኖ ላይ ድንች አለኝ። ዘሩን ከራሴ ምርት ነው የማስቀረው፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ጊዜው ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ወደ ላይ ተጠቅልለዋል። ደርቀው ይቆማሉ እንጂ አልጠወለጉም። ዩሪያ ሁለት ጊዜ ሰጠሁት፣ ለውጥ የለም። የአምናው ድንች የዶሮ እንቁላል አያክልም ነበር።

መልስ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። የነገርከኝ ሁሉ የድንች ቅጠል ጠቅላይ ቫይረስን ይመስላል። ከታች ቅጠል መጀመሩ ቫይረሱ ከዘሩ ጋር አብሮ እንደመጣ ይጠቁማል። ዘንድሮ ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ያመጣበት ቢሆን ኖሮ ከላይ፣ ከለጋው ይጀምር ነበር።

እስቲ ከተጠቀለለው አንዱን በሁለት ጣትህ ይዘህ እጠፈው። የጤነኛ ድንች ቅጠል እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ያንተ እንደ ወረቀት ኮሽ ብሎ ይሰበራል። ይህ የረሃብ ድርቀት አይደለም። ቅጠሉ ምግብ ሞልቶበት ነው።

ቅጠል ቀን በፀሐይ ስኳር ይሠራል። ወዲያው ያልላከውን ስታርች አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሌሊት ያንን ፈትቶ ቁልቁል ይሰደዋል፤ ወደ ሥሩ፣ ወደ ድንቹ። የሚሄደው ፍሎየም በሚባል ቀጭን ቧንቧ ነው። ይህ ቫይረስ ቤቱን የሠራው እዚያው ፍሎየም ውስጥ ነው። ህዋሶቹ ይሞታሉ፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ቅጠሉ የሠራው እዚያው ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ጠግቦ ድንቹ ይራባል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ስኳር የተከማቸበት ቅጠል ሥራውን ይቀንሳል። ምግብ የሚሠሩትን ዘረ መሎች አንድ በአንድ ያቀዘቅዛቸዋል። የታመመ ተክል ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንፋሹ ይጨምራል፤ ከሠራው ላይ አብዝቶ ያቃጥላል። ገቢው ቀንሶ ወጪው የበዛበት ቤት ማለት ነው። ዩሪያ ቅጠል ያለመልማል እንጂ የተዘጋ መንገድ አይከፍትም። እንዲያውም ክሽክሽ እንዲህ ያለውን ለጋ ቅጠል ይወደዋል።

በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ከታመመው አንድ ቅጠል፣ ከጤነኛው አንድ ቅጠል ቁረጥ። አንድ ደቂቃ በፈላ ውሃ ንከራቸው። ከዚያ አልኮል ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተህ ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ሳህን ላይ አስቀምጠው። አልኮሉን እሳት ላይ እንዳትጥደው፣ ይነዳል። አረንጓዴው ለቅቆ ሲነጡ በውሃ አለቅልቃቸውና የቁስል አዮዲን በውሃ አቅጥነህ ጠብ ጠብ አድርግባቸው። አዮዲን ስታርች ያለበትን ያጠቁራል። ያየኸውን ንገረኝ።

ከወረታ፦ የቲማቲም ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተኮማተረብኝ። ምን ልርጭ?

መልስ፦ መግቢያውን አንብብ። የላይኛው ቅጠል ነው የታችኛው? ሁሉም ነው ወይስ እዚህም እዚያም? ሲነኩት የሚበር ነጭ ዝንብ አለ? ፎቶ ላክ።

ከዘንዘልማ፦ የግብርና ተማሪ ነኝ። ሞዛይክ ቅጠል ላይ ለምን ቢጫና አረንጓዴ ይቀላቀላል? ቫይረሱ ቅጠሉን በሙሉ አይይዝም ወይ?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ቢጫው ቫይረሱ የተባዛበት ቦታ ነው። እዚያ ክሎሮፕላስት፣ ቅጠሉ ምግብ የሚሠራበት ጥቃቅን ክፍል፣ በደንብ አያድግም፣ ሐመልሚሉም (አረንጓዴው ቀለም) ይቀንሳል። ጥቁር አረንጓዴው ደሴት ደግሞ ተክሉ የረታበት ነው። ከዚያ ላይ ቆርጠህ ብትመረምር ቫይረስ የምታገኘው በጣም ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም።

ተክል እንደኛ በደም የሚዞር ወታደር የለውም። ያለው መቀስ ነው። የቫይረሱን አር ኤን ኤ፣ ማለትም የዘር መልእክቱን፣ ከ21 እስከ 24 ፊደል ባለው ቁራጭ ይከታትፈዋል። ቁራጩን እንደ ፎቶ ይዞ የሚመስለውን ሁሉ እያደነ ያጠፋል። ቫይረሱም ዝም ብሎ አያይም። ብዙዎቹ መቀሱን የሚያሰናክል ፕሮቲን አላቸው። ችግሩ ተክሉ የራሱን ቅጠል ቅርጽ የሚመራውም በተመሳሳይ ጥቃቅን አር ኤን ኤ መሆኑ ነው። አንዱን ሲያሰናክል ሌላውም ይዛባል። ቅጠል የሚሸበሸብበትና የሚጠብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሐሙሲት፦ የእኔ ቲማቲም ቢጫ አይደለም። አዲሱ ቅጠል እንደ ክር ቀጥኖ ተጠማዘዘ። የቀበሌያችን ልማት ሠራተኛ ቫይረስ ነው አለኝ።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ የኩከምበር ሞዛይክ ቫይረስ እንዲህ ያደርጋል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የረጨህበት ፓምፕ ከዚያ በፊት ምን ተረጭቶበታል? የአረም መድኃኒቱ ቱ ፎር ዲ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ቱ ፎር ዲ ኦክሲን የተባለውን የተክል የእድገት ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። ስንዴና ጤፍ ይችሉታል፣ ቲማቲም ግን በጥቂቱም ይጠማዘዛል። ቫይረሶችም የዚህኑ ሆርሞን ሥርዓት ያምሳሉ። ስለዚህ ሁለቱ ቢመሳሰሉ አይግረምህ። ማሳውን እየው። በአንድ ሰሞን ሁሉም ወይም አንድ ዳር በሙሉ ከታመመ ኬሚካል ጠርጥር። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት ሆኖ በየሳምንቱ ከበዛ ቫይረስ ጠርጥር።

ከአንዳሳ፦ ፓምፕ በዱቄት ሳሙና ከታጠበ ምንም አይቀርበትም። እኔ ስንት ዓመት እንደዚያ ነው የምጠቀመው።

ከሐሙሲት፦ እኔም አጥቤዋለሁ ወንድሜ። ጋኑን ነው ያጠብኩት። ቱቦውን ግን እውነት ለመናገር አላጠብኩም።

ከይባብ፦ ጣጣው የኪራይ ፓምፕ ነው። ማን ምን እንደረጨበት አታውቅም። ባለፈው ጎመኔ እንዳለ አለቀ።

ከአንዳሳ፦ ታዲያ ተከራይቶ ሳያጥብ የሚረጭ ሰው ነው ጥፋተኛው እንጂ ፓምፑ ምን አደረገ?

መልስ፦ ይብቃችሁ። ለአረም ለብቻው ፓምፕ ይኑራችሁ። መያዣው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩና አትክልት ላይ አይድረስ። በቃ።

ከባሕር ዳር ቀበሌ 14፦ ልጄ፣ በጓሮዬ የታመመ ቲማቲም አለ። ብንበላው ይጎዳናል?

መልስ፦ አይጎዳም እናቴ። የተክል ቫይረስ ሰው አይዝም። ሰሞኑን መድኃኒት ረጭተውበት ከሆነ ግን ለመብላት መቆየት ያለብዎት ቀን ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ ያስነብቡት።

ከጎርጎራ፦ ቫይረስ ይህን ያህል ተክል የሚጎዳ ከሆነ እንቦጭን በቫይረስ ማጥፋት አይቻልም?

መልስ፦ ለእንቦጭ የሚሆን ቫይረስ የለንም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተለቀቀው ጥንዚዛ ነው። ቀጥል።

ከወረታ፦ ስለ እንቦጭ ከተነሳ፣ እኔ አድርቄ ለቲማቲም ጉዝጓዝ አድርጌዋለሁ። እርጥበት ይይዛል።

ከጎርጎራ፦ ከነዘሩ ነው ያስገባኸው? ሩዝ ማሳህ ውስጥ ሲበቅል ታየዋለህ!

ከወረታ፦ ሳያብብ ነው የሰበሰብኩት።

ከደልጊ፦ እኛ ጋ ስንቱን ዘመቻ ወጥተን በእጃችን ነቀልን፣ ተመልሶ መጣ። ማሽኑስ የት ደረሰ?

መልስ፦ የእንቦጩ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ዛሬ ስለ ቫይረስ ነው የተቀመጥነው፣ ለእሱ ሌላ ቀን እንያዝ።

ከደንቢያ፦ ሽምብራዬ በየቦታው ቢጫ እየሆነ ይቀጭጫል። ሰዉ ሥር አበስብስ ነው ይላል።

መልስ፦ ምላጭ አለህ? አንዱን ንቀልና ግንዱን ከሥሩ በላይ ቀስ ብለህ ላጠው። ከልጡ ሥር ያለው ሥስ ክፍል ቡናማ ከሆነና መሐሉ ነጭ ከሆነ የፍሎየም በሽታ ነው፣ ቫይረስ ጠርጥር። ልጡ ደህና ሆኖ መሐሉ፣ ውሃ የሚወጣበት ዛይለም ከጠቆረ ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ ነው። ሽምብራን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ አንድ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ከእኛው አገር ናሙና ነው። እሱም ፍሎየም ውስጥ ነው የሚኖረው፣ እሱንም የሚያዛምተው ክሽክሽ ነው። አያችሁ፣ ወደ ቧንቧው ተመለስን።

ከባሕር ዳር ዙሪያ፦ ዶክተር፣ ለቲማቲም ቢጫ ቅጠል ጥሩ መድኃኒት ቢነግሩን።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜው ነው። ለቫይረስ የሚረጭ መድኃኒት የለም! ሱቅ ገብታችሁ "ለቫይረስ ስጠኝ" ካላችሁ አንድ ነገር ይሸጥላችኋል። ገንዘባችሁ ያሳዝነኛል።

ነገሩን ልጨርሰው። ቲማቲምን ቢጫ አድርጎ ቅጠሉን ወደ ላይ የሚያኮማትረው ቫይረስ በነጭ ዝንብ ነው የሚመጣው። ችግኙ መደብ ላይ እያለ ወይም እንደተዛወረ ከያዘው አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ የሚባል አታዩም ማለት ይቻላል። ፍሬ ከያዘ በኋላ ከመጣ ጉዳቱ ቀላል ነው። ስለዚህ ጥበቃው ችግኝ ላይ ነው። መደቡን ገና ሳይበቅል ጀምራችሁ ቀዳዳው በጣም ጠባብ በሆነ መረብ ሸፍኑት። ካረጀ ቲማቲም አጠገብ ችግኝ አታፍሉ። ምርቱ ያለቀውን ነቅላችሁ አስወግዱ።

ከአዴት፦ በርበሬ ላይ ክሽክሹን በየሳምንቱ እረጫለሁ፣ ሞዛይኩ ግን አልቆመም። ለምንድን ነው?

መልስ፦ የበርበሬ ሞዛይክ ቫይረሶች ብዙዎቹ ክሽክሹ አፉ ጫፍ ላይ ነው የሚይዛቸው። ቅጠሉን በመቅመስ ብቻ፣ በሰከንዶች ውስጥ ያስተላልፋል። መድኃኒቱ እስኪገድለው ሥራውን ጨርሷል። ድንቹ ላይ ያለው ጠቅላይ ቫይረስ ሌላ ነው። ክሽክሹ ሆድ ገብቶ፣ በሰውነቱ ዞሮ በምራቁ ነው የሚወጣው፤ ሰዓታት ይፈልጋል። እዚያ መርጨት ይረዳል። በርበሬ ላይ ግን የታመመውን ቶሎ ንቀል፣ ዙሪያውን በቆሎ ዝራ። ከውጭ የሚመጣው ክሽክሽ መጀመሪያ በቆሎው ላይ አፉን ያብሳል።

ከዘንዘልማ፦ ቫይረስ የያዘው ተክል ድርቅ ይችላል የሚል ነገር ሰምቼ ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ በሙከራ ታይቷል። የኩከምበር ሞዛይክ ቫይረስ የያዛቸው ተክሎች ውሃ ሲቋረጥባቸው ከጤነኞቹ ዘግይተው ጠውልገዋል። ምርት ግን በዚህ አይገኝም።

ከወረታ፦ ሰብሌ ታሟል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ሰብል?

ከይባብ፦ ነጭ ሽንኩርታችን በየዓመቱ ራሱ እያነሰ ነው። መሬቱ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ መሬቱ ብቻ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት የምንተክለው ፍንካቹን ነው። ድንችም እንደዚያው። ብዙ ቫይረስ ከአበባ በሚገኘው እውነተኛ ዘር አያልፍም፣ በፍንካችና በድንች ግን ያልፋል። በየዓመቱ ይደራረባል። ትልቁን ሸጠን ትንሹን ለዘር ስናስቀር ደግሞ የታመመውን እየመረጥን ነው። ትንሹ ትንሽ የሆነው ታሞ ሊሆን ይችላላ! ይህን ስንት ጊዜ ብናገር አይሰለቸኝም። ከቅዳሜ ገበያ የመብል ድንች ገዝቶ መትከልም ያው ነው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከመራዊ፦ ዶክተር፣ አደረግኩት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ በባትሪ ነው የቆረጥኳቸው። ጤነኛው ቅጠል የአዮዲኑን ቢጫ ይዞ ቀረ። የተጠቀለለው እንደ ከሰል ጠቆረ። ልጆቼም ባለቤቴም ቆመው አዩ።

መልስ፦ ጎበዝ! ያ የጠቆረው ሌሊቱን ወደ ድንቹ መውረድ የነበረበት ነው። አሁን ስማኝ። የታመሙትን ማዳን አንችልም። ዘርህን ግን ማዳን እንችላለን። ማሳህን እየዞርክ ቅጠሉ ያልተጠቀለለ፣ ያልተዥጎረጎረ፣ ቁመናው ያማረ ተክል ባገኘህ ቁጥር አጠገቡ እንጨት ትከል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገም፤ በመሐል የታመመ ካለ እንጨቱን ንቀልበት። ሲደርስ መጀመሪያ እንጨት ያላቸውን ለብቻ ቆፍር። ከአንዱ ሥር ጥቂትና ጥቃቅን ድንች ከወጣ ለድስት አድርገው። የቀረው ዘርህ ነው። ከተቻለህ ከሁለት ዓመት አንዴ ንጹሕ ዘር ከዘር አባዢ ቀላቅልበት።

ከመራዊ፦ ስንት ልትከል?

መልስ፦ ከአንድ ጤነኛ ሥር ስንት ድንች እንደምታገኝ ታውቃለህ። የሚቀጥለውን መሬትህን ለክተህ አስላው፤ ከዚያ ትንሽ ጨምርበት፣ በመሐል የምትነቅለው ይኖራል።

ከመራዊ፦ ቀርከሃ አለኝ። ዛሬ እጀምራለሁ።

መልስ፦ ቅጠሉ መድረቅ ሳይጀምር ጨርስ። ከደረቀ በኋላ ጤነኛውና በሽተኛው አይለዩም።