ስፖክ በየፊልሙ የሚታየው አንባቢና ሌሎች ጥያቄዎች

በዚህ ወር የመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሳይንስ ፊክሽን ስለሆኑ ገጹን በሙሉ ለነሱ ለቀናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ቀንሳችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የስታር ትሬክ፣ የዚያ የጠፈር መርከብ ተከታታይ፣ ቀንደኛ ፋን ነኝ፣ ከስልሳዎቹ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አይቼዋለሁ፣ አንዳንዱን ደጋግሜ። ችግሬ ምንድነው፣ ሌላ ፊልም ከፍቼም የሚታየኝ እሱው ነው። ኮሜዲ ላይ ፂም ያለው ክፉ መንታ ሲመጣ "ስታር ትሬክ!" እላለሁ፣ ሰው ጣቶቹን ለሁለት ከፍሎ ሰላምታ ሲሰጥ "ስታር ትሬክ!"፣ ሰው በብርሃን ተንኖ ሌላ ቦታ ብቅ ሲል "ስታር ትሬክ!"። እህቴ "አንተ ግድግዳ ላይም ኢንተርፕራይዝን ታያለህ" ትለኛለች፣ የተከታታዩን መርከብ ማለቷ ነው። አውቀው ያስገቡትንና እኔ በጭንቅላቴ የፈጠርኩትን እንዴት ነው የምለየው? (እህቱ የሰለቸችው)

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱ ላይ ልክ ነህ፣ አንዱ እንደሁኔታው ነው፣ አንዱን ግን እህትህ አሸንፋለች።

ፂሙን እናስቀድም፣ እሱ ያንተ ነው። በ1967 የታየው "ሚረር፣ ሚረር" የሚባለው ኤፒሶድ ላይ የመርከቡ ካፒቴን ከርክና ጥቂት ሰዎቹ በትራንስፖርተሩ (ሰውን በብርሃን አትንኖ ሌላ ቦታ የሚልከው ማሽን) ጣጣ ሁሉም ሰው ጨካኝ የሆነበት ትይዩ ዓለም ውስጥ ይገባሉ፣ እዛ ያለው የካፒቴኑ ምክትል ስፖክ ደግሞ ፊቱም ድምፁም ያው ስፖክ ነው፣ ፂም ማሳደጉ ብቻ ነው ልዩነቱ። በቃ ከዛ በኋላ ሁሉም የሚቀባበለው ቀልድ ሆነ። ሳውዝ ፓርክ የሚባለው የካርቱን ኮሜዲ በ1998 ከትይዩ ዓለም ፂማም ካርትማን አመጣ፣ ዋናው ካርትማን ራሱ የለየለት ክፉ ስለሆነ ግን ፂማሙ ጨዋና ሰው አክባሪ ሆኖ አረፈው፣ ቀልዱን የሚያስቀው ይሄ መገልበጡ ነው። ኮሚዩኒቲ የሚባለው ኮሜዲ በ2011 ደግሞ ዳይስ ተጥሎ ታሪኩ ብዙ ቦታ ሲከፈል ከሁሉም የከፋው ላይ አቤድ የጨርቅ ፂም ቆርጦ ለጓደኞቹ ያድላል፣ ከዛሬ ጀምሮ ክፉ እንሁን ብሎ። ክፉ ሰውን በፂም ማሳየት ከስታር ትሬክ በፊትም የነበረ ነገር ነው እኮ፣ እሱ ብቻውን ምንም አያስረዳም፣ ግን ትይዩ ዓለም፣ ያው ሰውዬ፣ ከዛ ላይ ፂም፣ እንዲህ ተደራርቦ ሲመጣ አጋጣሚ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። አንድ ነገር ስለተመሳሰለ ብቻ አትጩህ ነው የምልህ፣ ዝርዝሩ እስኪደራረብ ጠብቅ።

ሰላምታው ላይ ቀስ በል። ስፖክን የተጫወተው ሌናርድ ኒሞይ ያንን የእጅ ምልክት ከልጅነቱ ነው ያመጣው፣ ምኩራብ ውስጥ የአይሁድ ካህናት ሕዝቡን ሲባርኩ እጃቸውን እንደዛ ሲያደርጉ አይቶ። ስለዚህ የአይሁድ ጸሎት ያለበት ፊልም ላይ ያንን እጅ ካየህ ፊልሙ ስታር ትሬክን አልጠቀሰም፣ ወሳጁ ስታር ትሬክ ነው። ኮሚክ መጽሐፍ በብብቱ የያዘ ልጅ ለጓደኛው ቻው ሲል ካደረገው ግን ጩህ፣ ማንም አይከራከርህም።

በብርሃን መተንን ላይ ተሸንፈሃል። ሰውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ በማሽን መላክ በ1958 "ዘ ፍላይ" ላይ አለ፣ ስታር ትሬክ የጀመረው በ1966 ነው። እንደውም የስታር ትሬክ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪና ባልደረቦቹ ትራንስፖርተሩን ያመጡት በየሳምንቱ መርከብ ሲያርፍ ማሳየት ውድ ስለሆነባቸው ነው፣ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። "ፎርቢደን ፕላኔት" የሚባለውን የ1956 ፊልም ብታይ ደግሞ ካፒቴን አለ፣ ሐኪም አለ፣ በሚያበራ ነገር ውስጥ ተደርድረው የሚቆሙ የመርከብ ሰራተኞች አሉ፣ መቼ እንደተሰራ ካላወቅክ ከስታር ትሬክ ሰርቀው ነው ብለህ ትምላለህ፣ ውርሱ ግን በተቃራኒው ነው የሄደው። ቀኑን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ከግማሽ በላይ ክርክር እዛው ያልቃል።

በጣም የምወደውን ምሳሌ ደግሞ ልንገርህ። "በቀል ቀዝቅዞ ሲበላ ነው የሚጣፍጠው" የሚል አባባል አለ፣ በ1982ቱ የስታር ትሬክ ፊልም ካን የሚባለው ክፉ ሰውዬ የክሊንጎኖች (የስታር ትሬክ ተዋጊ የጠፈር ፍጡራን) ምሳሌያዊ አነጋገር ነው ብሎ ይናገረዋል። አባባሉ ግን ክሊንጎኖች ሳይፈጠሩ በፊት የነበረ ነው፣ ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ ዝም ብሎ ስላለው ምንም ማለት አይደለም። በ2003 የታራንቲኖ "ኪል ቢል" የመጀመሪያው ክፍል ሲከፈት ግን ስክሪኑ ላይ አባባሉ ይጻፋል፣ ከስሩ ደግሞ "የድሮ የክሊንጎን ምሳሌ" ይላል! ካራቴና ሰይፍ ባለበት ፊልም መግቢያ ላይ። ከስሩ ያለችው መስመር ባትኖር ኖሮ ተራ አባባል ነበር፣ እሷ ስላለች ግን ሰውዬው ላንተ ጥቅሻ እየሰጠህ ነው። እኔ ይሄን ከሁሉም የምመርጠው ስታር ትሬክን የማያውቅም ሰው ምንም ስለማይጎድልበት ነው፣ በቀል እንደሚመጣ ገብቶት ይቀጥላል። ለማያውቀው ሰው ፊልሙን የሚያቆም ሪፈረንስ (ሌላ ሥራን መጥቀስ) ግን ያናድደኛል፣ ገጸ ባሕርዮቹ ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ቆመው "አያችሁ? አያችሁ?" የሚሉ የሚመስልበት አለ አይደል፣ እሱ።

ሌላው ማን ነው የሰራው የሚለው ነው። ከስታር ትሬክ ወጥቼ ስታር ዋርስን ልጥቀስ፣ ይቅር በለኝ፣ ምሳሌው ስለሚያምር ነው። በ1981ዱ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ታቦቱ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ምሰሶ ላይ ከጥንታዊ ሂሮግሊፎቹ መሃል የስታር ዋርስ ሮቦቶቹ አር-ቱ ዲ-ቱ እና ሲ-ስሪፒኦ ተቀርጸዋል። ያለ ፖዝ አታየውም። ግን ታሪኩ የስታር ዋርስ ፈጣሪ የጆርጅ ሉካስ መሆኑን ካወቅክ ምኑ ይገርማል፣ በራሱ ቤት ነው የቀለደው። ጓደኛው ስፒልበርግ በ1982 ኢ.ቲ. ላይ የስታር ዋርሱን ዮዳ ልብስ የለበሰ ልጅ መንገድ ላይ ያሳልፋል፣ ኢ.ቲ.ም የሚያውቀው ሰው ያገኘ ይመስል ይከተለዋል፣ ሉካስ ደግሞ በ1999 የስታር ዋርስ ፊልም ሴኔቱ ውስጥ የኢ.ቲ. ዘመዶችን አስቀምጦ ብድሩን መለሰ። አስራ ሰባት ዓመት የቆየ ቀልድ!

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዕቃው ከስታር ትሬክ መምጣቱ ብቻውን ሪፈረንስ አያደርገውም። በ1978 "ሃሎዊን" የሚባለው አስፈሪ ፊልም ላይ ገዳዩ የሚያደርገው ነጭ ጭምብል የካፒቴን ከርክ ጭምብል ነው፣ ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ፀጉሩን ቀያይረው፣ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍተው። ትንሽ በጀት ነበራቸው፣ ርካሽ ጭምብል ገዙ፣ አለቀ። ማንም እንዲያውቀው አልተፈለገም። ለእህትህ ግን ንገራት፣ ከርክን የተጫወተው የዊሊያም ሻትነር ፊት ነው ስትላት ፊልሙን ደግማ ለማየት ትነሳለች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ፊልም እያየ 47 ቁጥርን ባየ ቁጥር ይዘላል። ኢ113 ወይም ኤ113 የሚባልም አለው። ጤነኛ ነው? (ታናሽ እህት)

መልስ፦ ጤነኛ ነው፣ ትንሽ ብቻ ተይዟል። ኤ113 ነው ትክክሉ፣ ካልአርትስ የሚባለው የካሊፎርኒያ የጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ የመማሪያ ክፍል ቁጥር ነው፣ ብዙ የአኒሜሽን ሰዎች እዛ ስለተማሩ በየፊልማቸው ይደብቁታል፣ ቶይ ስቶሪ ላይ የአንዲ እናት መኪና ታርጋ እሱ ነው። 47ን ስታር ትሬክ ውስጥ ያበዛው ጆ ሜኖስኪ የሚባል የስክሪፕት ጸሐፊ ነው፣ እሱ የተማረበት ፖሞና ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎች 47ን በየቦታው የመፈለግ የቆየ ልማድ አላቸው፣ ይዞት መጣ ማለት ነው፣ ሌሎቹ ጸሐፊዎችም ተቀበሉት። ሉካስም 1138 አለው፣ በ1971 ከሰራው የመጀመሪያ ፊልሙ ርዕስ የመጣ፣ የ1977ቱ ስታር ዋርስ ላይ ሉክ እስረኛ አመጣን ብሎ ሲዋሽ የሚጠራው የእስር ክፍል እሱ ነው።

ግን ለወንድምሽ ይሄን በይው፣ ቁጥር ከሁሉም ደካማው ማስረጃ ነው፣ በተለይ ባለሁለት አሃዝ። 47ን የሚፈልግ ሰው የሊፍት ቁልፍም ላይ፣ የፖሊስ መኪናም ላይ፣ ሰዓትም ላይ ያገኘዋል፣ 46ን ቢፈልግም እንደዛው። 1138 ሲሆን እንኳን ይሻላል፣ አራት አሃዝ በአጋጣሚ ደጋግሞ አይመጣም።

ጥያቄ፦ "ካስል" የሚባለው የፖሊስ ሲሪስ ላይ ሰውዬው ለሃሎዊን የስፔስ ካውቦይ ለብሶ ይወጣል፣ ልጁ ይሄን ከዓመታት በፊት ለብሰኸው አልነበር እንዴ ምናምን ትለዋለች። አብረውኝ የሚያዩት ሁሉ ሳቁ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። ምንድነው?

መልስ፦ ካስልን የሚጫወተው ኔተን ፊሊየን በ2002 "ፋየርፍላይ" በሚባል የጠፈር ተከታታይ ላይ ካፒቴን ማል ነበር፣ የለበሰውም የማልን ልብስ ነው። አስራ አራት ኤፒሶድ ብቻ ተሰርቶ በጊዜ የተቋረጠ ነው፣ ፋኖቹ እስካሁን ቁስላቸው አልዳነም። የሳቁት ለዛ ነው፣ ልጁ ለአባቷ ሳይሆን ለነሱ ነው የተናገረችው።

ፋየርፍላይን ካየኸው ደግሞ መጀመሪያው ላይ ማል ትልቁን መሳሪያ ሲተኩስ ማነጣጠሪያው ስክሪን ላይ ዌይላንድ ዩታኒ የሚል ታገኛለህ፣ የኤሊየን ፊልሞች ክፉ ካምፓኒ ነው። የ2003ቱ የባትልስታር ጋላክቲካ ሚኒ ሲሪስ ላይም ከተማው ላይ ከሚበሩት መርከቦች አንዷ የፋየርፍላይዋ ሴሬኒቲ ናት። ለሁለቱም የኮምፒውተር ኢፌክት የሰራው ዞይክ የሚባለው ስቱዲዮ ነው፣ ከላይ ማን እንደሰራው እዩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሪፈረንስ ፊልም ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ውጭም አለ?

መልስ፦ ትልቁማ ውጭ ነው ያለው። የናሳ የመጀመሪያው ስፔስ ሻትል ስም ኮንስቲቲዩሽን ሊባል ነበር፣ የስታር ትሬክ ፋኖች ዋይት ሃውስን በደብዳቤ አጥለቀለቁት፣ በ1976 ፕሬዝዳንት ፎርድ ባሉበት ዘመን ኢንተርፕራይዝ ተባለ፣ ለሕዝብ ሲቀርብም የተከታታዩ ተዋናዮች ከነሮደንቤሪ ቆመው ነበር። የሚያሳዝነው ነገር ያ ሻትል ለበረራና ለማረፍ ሙከራ የተሰራ ስለነበረ ጠፈር አንድም ቀን አልወጣም። በ1979ኙ የስታር ትሬክ ፊልም መርከቧ ውስጥ ኢንተርፕራይዝ የሚል ስም የነበራቸው መርከቦች ስዕል ተደርድሮ ይታያል፣ ከነሱ አንዱ ሻትሉ ነው። ፊልሙ ናሳ ላይ ስም አወጣ፣ መልሶ ደግሞ ናሳን ጠቀሰ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የስታር ትሬክ ሰው ነው፣ እኔ ምንም አላውቅም፣ አብረን ስናይ እሱ እየሳቀ እኔ "ምኑ ነው?" ስል ማታው ያልቃል። ሁለታችንም እኩል የምንስቅበት አለ? (ፖዝ ማድረግ የሰለቻት)

መልስ፦ "ጋላክሲ ክዌስት"፣ የ1999። ከተቋረጠ ብዙ ዓመት የሆነው የጠፈር ተከታታይ ተዋናዮች በፋን ስብሰባ ላይ እየፈረሙ ይኖራሉ፣ ከዛ እውነተኛ የጠፈር ፍጡራን መጥተው ይወስዷቸዋል፣ ድራማውን እውነተኛ ታሪክ መስሏቸው መርከቡንም እንዳለ ሰርተውታል። ስታር ትሬክን አለማወቅሽ አይከለክልሽም፣ ፊልሙ በራሱ ያስቃል። አንድ ነገር ብቻ ያዢ፣ በድሮው ስታር ትሬክ ቀይ ልብስ ለብሶ ከነካፒቴኑ ጋር ወደ ፕላኔት የሚወርድ ስሙ የማይታወቅ ሰውዬ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፣ ፊልሙ ውስጥ ጋይ የሚባለው ድሮ አንድ ኤፒሶድ ላይ ብቻ ታይቶ የሞተው ልጅ "አሁንም እኔ ነኝ የምሞተው" እያለ የሚጨነቀው ለዛ ነው።

ከዛ ቀጥሎ የ2002ቱን "ፍሬዘር" የሚባል ኮሜዲ ኤፒሶድ ፈልጊ፣ አባትየው ፍሬዘር ለልጁ የአይሁድ ሥርዓት ላይ በዕብራይስጥ ልመርቅ ብሎ የስራ ባልደረባውን አስተምረኝ ይለዋል፣ ቃል የገባለትን ሳይፈጽም ስለቀረ ባልደረባው ክሊንጎንኛ አስጠንቶ ይልከዋል፣ እሱም ምኩራቡ ውስጥ በሙሉ ልብ ይናገረዋል። ባልሽ እዚህ ጋ መሳቁ አይቀርም፣ አንቺም ትስቂያለሽ፣ ከዛ ፍሬዘርን የሚጫወተው ኬልሲ ግራመር ራሱ በ1992 ስታር ትሬክ ላይ የመርከብ ካፒቴን ሆኖ እንደገባ ታውቅ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂው።