ትምህርቴን ትቼ በረዶው ላይ ልውጣ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ዕድሜዬ 19 ነው፤ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሮለር (ባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማ) እወዳደራለሁ፤ ባለፈው ዊንተር በረዶ ላይ የፍጥነት መንሸራተት ጀመርኩ። እንደ አሜሪካዊቷ የበረዶ ላይ ተወዳዳሪ ኤሪን ጃክሰን የኦሎምፒክ ሻምፒዮን መሆን እፈልጋለሁ። ትምህርቴን ላቋርጥ አስቤያለሁ፤ እናቴ ግን ‹መንሸራተት ደግሞ ሥራ ነው?› አለችኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትሽን ጥያቄ ቀለል አድርገሽ አትለፊው። ሥራስ ነው። ገንዘቡ ግን የሚያወላዳ አይደለም። በ2022 የአሜሪካ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ለአንድ ወርቅ የሚከፍለው 37,500 ዶላር ነበር። ያውም በአራት ዓመት አንዴ፣ ያውም ካሸነፍሽ።

ኤሪንን ካነሳሽ ታሪኳን ከመሀል አትጀምሪው። የኦካላ፣ ፍሎሪዳ ልጅ ናት። እንዳንቺው በሮለር ነው ያደገችው። በረዶውን የምር የያዘችው ግን ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በማቴሪያልስ ኢንጂነሪንግ ከተመረቀች በኋላ ነው። ጥቂት ወር ተለማምዳ ለ2018ቱ ኦሎምፒክ አለፈች፤ በ500 ሜትር 24ኛ ወጣች። የሮለር ጉልበት በረዶ ላይም ይጠቅማል፤ በቀጭን ብረት ላይ መቆም ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ወርቁ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ፣ በ37.04 ሰከንድ ነው። ጃፓናዊቷን ሚሆ ታካጊን የቀደመቻት በ0.08 ሰከንድ ብቻ።

ይህ ወርቅ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። በአገር ውስጥ ማጣሪያው ተደናቅፋ ሦስተኛ ወጥታ ነበር። የአገሯ ልጅ ብሪታኒ ቦው ያገኘችውን ቦታ ለቀቀችላት። በነገራችን ላይ ቦውም ወደ በረዶ የመጣችው ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ነው።

አሜሪካዊውን የበረዶ ላይ ተወዳዳሪ ኤሪክ ሃይደንንም እዪው። በ1980 ሌክ ፕላሲድ ላይ ከ500 እስከ 10,000 ሜትር አምስቱንም ወርቅ ጠራርጎ ወሰደ። ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በረዶውን ተሰናበተ። ብስክሌት ጋልቦ ቱር ደ ፍራንስ ድረስ ሄደ፣ ከዚያ ስታንፎርድ ሕክምና ተምሮ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆነ።

ስለዚህ አታቋርጪ፣ ኮርስ ቀንሺ። «ሁለት ባላ ትከል» ይባል የለ? ከመቀነስሽ በፊት ግን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሂጂ። በሴሚስተር ከ12 ክሬዲት በታች ከወረድሽ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ስለማትባዪ እርዳታሽ ሊቀንስ ይችላል። የፌዴራል ብድር ካለብሽና ከ6 ክሬዲት በታች ከሆንሽ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ መክፈል ይጀመራል። ብዙ ልጆች ይህን የሚሰሙት ደብዳቤው ቤት ሲመጣ ነው።

ዕድለኛ ነሽ፣ ሮዝቪል ያለው ኦቫል (የበረዶ መንሸራተቻ መም) አጠገብሽ ነው። ለጊዜው ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ወዳለው ኦቫል መሄድ አያስፈልግሽም። ይህን ዊንተር እዚያው ተለማመጂና አሠልጣኝሽ በየወሩ የ500 ሜትር ሰዓትሽን ይያዝልሽ። ሰዓትሽን ከሶልት ሌክ ሲቲ ሰዓቶች ጋር አታወዳድሪ፤ እዚያ ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ሁሉም ይፈጥናል፣ አዳራሹም ዝግ ነው። ሮዝቪል ሜዳ ላይ ነው፣ ነፋስ አለ። ሰዓትሽ የሚነጻጸረው በዚያው ቀን፣ በዚያው በረዶ ላይ ከወጡት ልጆች ጋር ነው። መጋቢት ላይ ሰዓቶችሽ የተጻፉበትን ወረቀት ይዘሽ አሠልጣኝሽን «ተስፋ አለኝ ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፤ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ።