ሌብል እየዘለለና እየነከሰ ላስቸገራችሁ፦ ጥያቄና መልስ

የባርኮድና የሌብል ፕሪንተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ ማሽኖች አልተበላሹም፤ የገባው ወረቀት መጠን በትክክል ስላልተነገራቸው ብቻ ነው የሚያስቸግሩት። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ፕሪንተሩ አንዱን ሌብል አትሞ ቀጣዩን ባዶውን ያሳልፈዋል። የጀመረው አዲስ ጥቅል ካስገባን ወዲህ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ሌብሉ የት እንደሚጀምር የሚለየው ሴንሰር በወረቀቱ ውስጥ በሚያልፈው ብርሃን ነው የሚሠራው። በሁለት ሌብሎች መካከል ያለው ክፍተት ሲደርስ የሥረኛው ወረቀት ብቻውን ስለሚቀር ብርሃኑ ጠንክሮ ያልፋል። አዲሱ ጥቅል ወፍራም ወይም ስስ ከሆነ የቀድሞው ልክ ያሳስተዋል። ስለዚህ እንደገና እንዲለካ አድርጊው። ፕሪንተርሽ ዜብራ ጂኬ 420 የሚባለው ከሆነ የወረቀት ማውጫውን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢ፤ አረንጓዴው መብራት መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ብልጭ ሲል ልቀቂው። ጥቂት ባዶ ሌብሎች ይወጣሉ፤ እየለካ ነውና አታቋርጪው።

ጥያቄ፦ እኔም ይህንኑ አድርጌ አሁንም ይዘላል።

መልስ፦ እንግዲያው ማስመሪያ አምጣ። አንድ ሱቅ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገርህ። የሌብሉ ቁመት 30 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ 3 ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱን ደምረው 33 ብለው ሞልተውታል። ፕሪንተሩ 33 ለመጨረስ ክፍተቱን ይሻገራል፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ክፍተት ፍለጋ አንድ ሙሉ ሌብል ያባክናል። ቁመቱን 30 ብለን ክፍተቱን ለብቻው 3 ስንሞላ መዝለሉ በዚያው ቆመ። የወረቀቱ ዓይነት «ተከታታይ» ሳይሆን «ክፍተት ያለው» መባሉንም አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ሌብሉ ተልጦ ወረቀቱን የሚስበው ጎማ ላይ ይጠቀለላል። በምላጭ እየፋቅሁ ነው የማወጣው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምላጩን እባክህ አስቀምጠው! ጎማው አንዴ ከተቆረጠ ወረቀቱን እኩል አይስብም፤ የማተሚያው ጭንቅላት ከተጫረ ደግሞ በእያንዳንዱ ሌብል ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ማሽኑን አጥፋ፣ ክዳኑን ክፈት፣ ሌብሉን በጣትህ ቀስ እያልክ ላጠው። የቀረውን ሙጫ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጨርቅ ጎማውን እያዞርክ ጥረግ፤ ሳይደርቅ አታብራው። ትንንሽ ሌብሎች የሚላጡት ብዙ ጊዜ ፕሪንተሩ ካተመ በኋላ ወረቀቱን ወደ ኋላ ሲስብ ነው። ማሽንህ ይህን ማጥፋት የሚያስችል ከሆነ አጥፋው፤ ፍጥነቱንም ቀንስ። በግራና በቀኝ ያሉት መያዣዎች ወረቀቱን ሳያጨናንቁ መንካት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ ሲደበዝዝ የማተሚያውን ጭንቅላት ሙቀት እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ አይመከርም። መጀመሪያ ጭንቅላቱን አጽዱ፤ ከዚያ አንድ አንድ ደረጃ እየጨመሩ መሞከር ነው። ሙቀት ሲበዛ ሪበኑ፣ ማለትም ቀለሙን የያዘው ጥብጣብ፣ ሌብሉ ላይ ተጣብቆ ይጨማደዳል፣ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ የሌብሌ ጀርባ ጥቁር መስመሮች አሉት። ችግር ነው?

መልስ፦ ችግር አይደለም። ሴንሰሩን ክፍተት ከሚፈልግበት ወደ ጥቁር ምልክት ቀይሩትና እንደገና እንዲለካ አድርጉት።