ያለ አሳታሚ የሚለቀቅ ዘፈን

ጥያቄ፦ ፒያሳ በሚገኝ አነስተኛ ስቱዲዮ አራት ዘፈኖች ቀርጬ ያለ አሳታሚ በዩቲዩብ ልለቅ ተዘጋጅቻለሁ። አድማጭ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ አስቀድመው ከግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ፣ ከአቀናባሪውም ጋር የጽሑፍ ውል ይፈራረሙ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብታቸውን ይጠብቃልና። ዩቲዩብ በመደበኛ ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታዮችንና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ስለሚጠይቅ፣ አራቱን በአንድ ቀን ከመልቀቅ በየሦስት ሳምንቱ አንድ አንድ ቢለቁ ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የርእሱን አጻጻፍ ነው። «ፀሐይ» ብለው የሰየሙትን ዘፈን አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ» ብሎ፣ ከፊሉም በላቲን ፊደል ስለሚፈልገው፣ በመግለጫው ውስጥ ሁሉንም አጻጻፎች ከነሙሉ ስምዎ ያስፍሩ። የቴሌግራም ቻናል መክፈትም አይከፋም፤ በእኔ ግምት ግን የአራት ኪሎ ታክሲ ሾፌር ፍላሽ ዛሬም ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል።